ልጄ ለሕክምና ሚሽን ጓቲማላ ልትሄድ ነው፤ የማያዎቹን መንደር የሚያውቅ አለ?

እናት ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ፕሪ ሜድ፣ ሐኪም ለመሆን የምትዘጋጅ። የክርስቲያን ተማሪዎች ክበባቸው በስፕሪንግ ብሬክ ሐኪሞችና ነርሶች ይዞ ጓቲማላ ይሄዳል። ሶሎላ የሚባል ክፍለ ሀገር ነው አሉ፣ ተራራ ላይ ያሉ የማያ፣ ማለት የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ መንደሮች። አንድ ሳምንት ነው። ከነትኬቱ ሁለት ሺህ ዶላር ያልፋል። ግማሹን ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ልታሰባስብ አስባለች።

እኔ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ለጌታ ሥራ አትሂጂ ማለት ይከብደኛል። አባቷ ደግሞ «ገና መርፌ ያልጨበጠች ልጅ ማንን ልታክም ነው?» ይላል። እሷ «ግፊት እለካለሁ፣ መድኃኒት እቆጥራለሁ፣ ከልጆች ጋር እጫወታለሁ» ትላለች። የሄዳችሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ስድብ ግን ይቅርብን።

ነርስ ከዳላስ

እህቴ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያናችን ቡድን ጋር ኬትሳልቴናንጎ አካባቢ ደጋግሜ ሄጃለሁ። እዚያ ያለው ሰው ከተማዋን «ሼላ» ነው የሚላት። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፤ 2,300 ሜትር ያልፋል። ጠዋት ቆፈን ነው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በቆሎ በየተራራው ወገብ፣ ከየቤቱ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ፣ ልጅ ያዘለች እናት። የሀገር ቤት ደጋ የወረድኩ ነው የመሰለኝ።

የሥራው ቀን እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል። ሰው ሳይነጋ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሴቶቹ እጅ የሸመነውን ባለ ብዙ ቀለም ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ሁዊፒል ይሉታል። መጀመሪያ ምዝገባ፣ ቀጥሎ ግፊትና ስኳር መለካት፣ ከዚያ ሐኪም፣ ከዚያ መድኃኒት። ልጅሽ የምትቀመጠው ወይ መለኪያው ጋ ወይ መድኃኒቱ ጋ ነው።

የሚመጣው በሽታ ተመሳሳይ ነው። የአንገትና የወገብ ሕመም፤ እንጨቱን የሚሸከሙት በግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ነው። ጨጓራ። የልጆች ሳልና ተቅማጥ። ከጭስ የመጣ የዓይን ማቃጠል። ስኳርና ግፊት ደግሞ አለ፣ ያውም በብዛት። ለስላሳና በፕላስቲክ የታሸገ ብስኩት ያልደረሰበት ሱቅ አላየሁም።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። አንዲት ሴትዮ ግፊቷ ጣሪያ ነክቶ መጣች። የምታወራው ኪቼ ብቻ ነው፣ ከማያ ቋንቋዎች አንዱ። የመንደሩ ልጅ ከኪቼ ወደ ስፓኒሽ፣ ሌላው ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። ሐኪሙ ረጅም ጥያቄ ጠየቀ፤ በሁለት ሰው አፍ ዞሮ «አዎ» ብቻ ሆኖ ተመለሰ። የአንድ ወር ኪኒን ሰጠናት። ኪኒኑ ሲያልቅስ? ያኔ እኛ ዳላስ ነን። ያንን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እዚያው ካለ ትሂድ። ከሌለ ግን ጉዞው ለሴትዮዋ ምን እንደጠቀማት እኔም አላውቅም።

ተጠራጣሪው

ሁለት ሺህ ዶላር ሲባዛ በሃያ ልጅ አርባ ሺህ ነው። በዚያ ገንዘብ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ካክቺኬል የሚባለው ሌላው የማያ ቋንቋ ወይ ኪቼ የአፍ መፍቻዋ የሆነ ነርስ ቀጥሮ ዓመቱን ሙሉ ማሠራት አይቻልም? ይቻላል፣ ይተርፋልም።

ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። ይሄን ነገር ከወዲያኛው በኩል አይተነዋል። ካሜራ አንግቶ የመጣውን፣ ከረሜላ የበተነውን፣ ሕፃን አቅፎ ፎቶ የተነሳውን፣ በሳምንቱ ስሙ እንኳ የተረሳውን። አሁን ተራው ደርሶን እኛ ከረሜላ በታኝ ልንሆን ነው?

ሰብለ ዲሲ

ተጠራጣሪው፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ሰውን ግን ረስተሃል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ብሩን የሚያወጣው ልጅቷን ስለሚያውቅ ነው። «ሶሎላ ላለች ለማላውቃት ነርስ ደሞዝ» ብለህ ሳህን አዙርና እናያለን። አርባ ሺሁ ካልሄዱ ወደ ነርሷ አይሄድም፤ ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ኤክስቴንሽን አዲስ አበባ

ሙያዬ የኅብረተሰብ ጤና ነው። ጓቲማላን በእግሬ አልረገጥኳትም፤ በትምህርት ቤት ግን ስሟ ሳይነሳ የሚያልፍ አልነበረም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ካሮል ቤርሆርስት የሚባል ከካንሳስ የመጣ የሉተራን ሐኪም ነበር። በ1962 ቺማልቴናንጎ ከተማ ገብቶ ለካክቺኬል ማያዎች ክሊኒክ ከፈተ። ታዲያ ያከመው ልጅ ድኖ ይሄዳል፣ ቆይቶ በዚያው ተቅማጥ ይመለሳል። ውሃው ያው፣ መሬቱ ያው። ስለዚህ ሰውየው አካሄዱን ቀየረ። መንደሮቹ ራሳቸው የመረጧቸውን ገበሬዎች በሳምንት አንድ ቀን ክሊኒኩ እያመጣ ያሠለጥን ጀመር። እነሱም ወደ መንደራቸው ተመልሰው ቀላሉን በሽታ ያክማሉ፣ ከባዱን ይልካሉ። ከዚያም አልፎ ሥራው ወደ እርሻ፣ ወደ ውሃ፣ መሬት ለሌለው ሰው ወደ መሬት መግዣ ብድር ሄደ። ሐኪም ሆኖ መሬት ላይ የደረሰ ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቺማልቴናንጎ እንደ አንድ ምሳሌ ገብቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ አልማ አታ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን ሲያውጅ ከነበሩት ልምዶች አንዱ ይሄ ነው። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የተመደቡት፣ የዚያው ሐሳብ ዘመድ ናቸው። ስለዚህ «የክርስቲያን ሕክምና እዚያ ምን ሠራ?» ለሚል መልሱ አጭር አይደለም። የሠራው ግን በአንድ ሳምንት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓቲማላ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች መቀንጨር በ2014/15 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት 46.5 በመቶ ነበር። ቶቶኒካፓን በሚባለው በአብዛኛው ኪቼ በሚኖርበት ክፍለ ሀገር 70 በመቶ። የኛ በ2019 ጥናት 37 በመቶ ነው። አገሪቱ ግን በነፍስ ወከፍ ገቢ ከኛ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም ማለት ነው። ዋና ከተማ ውስጥ ያማረ ሆስፒታል አለ፤ ማያው ያለበት ተራራ ላይ የለም። የአንድ ወር የቫይታሚን ከረጢት ይሄን አይነካካውም።

ወንድም አትላንታ

ወገኖቼ፣ ሁሉ ነገር ደሞዝና ቁጥር አይደለም። ጌታ «ሂዱ» ነው ያለው። ልጅቷ ሄዳ ቢያንስ ወንጌል ታካፍላለች፣ ለታመመ ትጸልያለች። ነፍስስ?

ተጠራጣሪው

ወንድሜ፣ የማንን ነፍስ? ጓቲማላ እኮ አርባ በመቶ ገደማው ጴንጤ ነው። ቀሪው አብዛኛው ካቶሊክ። የካክቺኬል አዲስ ኪዳን የታተመው በ1931 ነው። የስንቶቻችን አያት ጌታን ከመቀበሏ በፊት መሆኑን ቁጠረው። ሶሎላ ላይ ድንጋይ ብትወረውር ፓስተር ትመታለህ። ከሜሪላንድ የሄደች የ19 ዓመት ልጅ ለማን ነው የምትሰብከው? እነሱ ለእሷ ይስበኩላት እንጂ።

ወንድም አትላንታ

ይስበኩላታ! ምን ክፋት አለው? አብሮ ማምለክም ሚሽን ነው።

የእንድብር ልጅ

እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ስለዚህ አንድ ሰው ላንሳ። አባ ስታንሊ ሮዘር። የኦክላሆማ ገበሬ ልጅ። ላቲን አልገባው ብሎ ከዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ተሰናብቶ ነበር፤ በሌላ በኩል ዞሮ ቄስ ሆነ። በ1968 አቲትላን ሐይቅ ዳር ያለች ሳንቲያጎ አቲትላን ተላከ። ይቺ ሐይቅ ያለችው እዚያው ሶሎላ ውስጥ ነው እናቴ፣ ልጅዎ የምትሄድበት። ላቲን ያቃተው ሰው የአካባቢውን የጹቱሂል ማያዎች ቋንቋ ለምዶ ቅዳሴ ቀደሰበት። ሚሽኑ ትንሽ ሆስፒታል ከፈተ፣ አዲስ ኪዳንንም ወደ ጹቱሂል አስተረጎመ። እሱ ራሱ ትራክተር ይነዳ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ያርስ ነበር።

የአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ሲከፋ ስሙ የሚገደሉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ1981 መጀመሪያ ወደ ኦክላሆማ ሸሸ። ለፋሲካ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ በሌሊት መጥተው በቆሙስ ቤቱ ገደሉት። አስከሬኑ አገሩ ሲገባ ልቡ ግን እዚያው ሳንቲያጎ ተቀበረ፣ ምእመናኑ ስለጠየቁ። ቤተ ክርስቲያናችን በ2017 ብፁዕ ብላዋለች። ሰውየው እዚያ 13 ዓመት ኖሯል። አንድ ሳምንት ጥፋት ነው አላልኩም። ግን ሰዎቹ የሚያወዳድሩት ከማን ጋር እንደሆነ ልጅቷ ትወቀው።

ላቲን አሜሪካ አጥኚ

የእንድብር ልጅ ጦርነቱን ካነሳ ይሄም ይነሳ። ጦርነቱ ከ1960 እስከ 1996 ቆየ። ጦርነቱን የመረመረው የእውነት ኮሚሽን የሞተውና የጠፋው ከ200,000 በላይ ነው ብሎ ገምቷል፤ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች 83 በመቶ ማያዎች ናቸው። ቤርሆርስት ካሠለጠናቸው የጤና ሠራተኞችም የተገደሉ አሉ። ለምን? ገበሬን ማደራጀት ያኔ ኮሚኒስትነት ነበራ።

እና ያ ሁሉ በከፋበት በ1982 እና 83 አገሪቱን የገዛው ጄኔራል ሪዮስ ሞንት ጴንጤ ነበር። እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን ይሰብካል። ወታደሮቹ ደግሞ የኢሺል ማያዎችን መንደር ያቃጥላሉ። አሜሪካ ውስጥ የሚያጨበጭቡለት ታዋቂ ሰባኪዎች ነበሩ። በ2013 ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው፤ በአሥር ቀኑ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ሻረው። ከእንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስና መድኃኒት ይዞ የሚመጣ የአሜሪካ ቡድን ሲያይ አንዳንድ ሽማግሌ ፊቱን ቢያጠቁር አይግረማችሁ።

ሕክምናውም ንጹሕ ታሪክ የለውም። ከ1946 እስከ 48 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች ጓቲማላ ውስጥ እስረኞችን፣ ወታደሮችንና የአእምሮ ሕሙማንን ሳያውቁት ቂጥኝና ጨብጥ እያስያዙ ሞክረውባቸዋል። በ2010 ነው የተጋለጠው፤ ኦባማም ይቅርታ ጠይቋል። አንዲት አሮጊት ደም አልሰጥም ካለች «አልተማረችም» ከማለት በፊት ትንሽ ዝም ማለት ነው።

ሜድ ስኩል ሂውስተን

እትዬ፣ እኔ ልክ እንደ ልጅዎ ፕሪ ሜድ ሆኜ ሄጄ ነበር። ስለዚህ ተማሪው ምን እንደሚሠራ ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ቀን ከአዘጋጆቹ አንዱ «ጥርስ መንቀል መሞከር ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ከልቡ ነው። አይ አልኩት። አጠገቤ የነበረው ልጅ እሺ አለ። ወንበሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ክንዱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ልጁ አንዴ አዳለጠው፣ ደገመ፣ አሁንም አዳለጠው። የጥርስ ሐኪሟ መጥታ ከእጁ ወሰደችበት። ልጁ ማታ ላይ ፎቶውን ለጠፈ። ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ ምን እንዳለች ግን ማን ጠይቋት?

የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ለዚህ በ2011 መመሪያ አውጥቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አገርሽ ላይ ያልተፈቀደልሽን እዚያ አትንኪ። የሜድ ስኩል ቃለ መጠይቅ ላይ «ጥርስ ነቅያለሁ» ማለት አሁን ያስጥላል እንጂ አያስመርጥም። ልጅዎ ይሄን አስቀድማ ትወቅ። እንቢ ለማለት ይጠቅማታል፤ ሁሉም እሺ በሚልበት ቦታ እንቢ ማለት ይከብዳልና።

የጠቀምኩበት ቦታ ሌላ ነው። መነጽር። ቅርብ ለማየት የሚሆን መነጽር፣ እዚህ ፋርማሲ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው። ጠረጴዛው የኔ ነበር። አንዲት እናት ሁለት ሦስቱን ለካችና አንዱን አድርጋ የሁዊፒሏን ጥልፍ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ መርፌና ክር ጠየቀች። ከሻንጣ ተፈልጎ ተሰጣት። ክሩን በአንዴ አስገባችው፤ ከልቧ ሳቀች። ሽመና ነው እንጀራዋ፣ እና ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ክር የምታስገባላት የልጅ ልጇ ነበረች። ወረፋው ሁሉ ከሐኪሞቹ ወደ እኔ ጠረጴዛ ዞረ። መነጽር እንደ ኪኒን በወሩ አያልቅም። ሙያም አይፈልግም።

ነርስ ከዳላስ

ሂውስተን ያልሽው እውነት ነው፣ መነጽሩ እኛም ጋ እንዲሁ ነው።

እኔም ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ ምድጃ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው እሳቱ። የምናየው የልጆች ቃጠሎና ሳል ከዚያ ነው። ሳን ማርኮስ በሚባለው ክፍለ ሀገር ማም የሚባሉት ማያዎች በሚኖሩበት ተራራ ጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ላይ ትልቅ ጥናት ተሠርቷል፤ ከባድ የሳንባ ምች በሕፃናት ላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ሄልፕስ ኢንተርናሽናል የሚባል የክርስቲያን ድርጅት አለ፣ የሕክምና ቡድን ሲያመላልስ ኖሮ ምድጃ ወደ መሥራትም ገብቷል። ተማሪ ምድጃ ተሸክሞ ቢተክል ማንንም አይጎዳም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የትል መድኃኒቱን፣ አልቤንዳዞሉን፣ ለልጁ ሁሉ እናድላለን። አንድ ኪኒን ነው፣ ይሠራል። ውሃውና መጸዳጃው ካልተስተካከለ ግን ትሉ በወራት ውስጥ ይመለሳል። የሸክላ ውሃ ማጣሪያ የተፈለሰፈው እዚያው ጓቲማላ ነው፣ በ1981፣ ጓቲማላዊ ባለሙያ ነው የሠራው። ከአሜሪካ ማጣሪያ በሻንጣ መጫን አያስፈልግም፤ እዚያው መግዛት ነው።

እና የልምድ አዋላጆቹን እንዳትረሱ። ኮማድሮና ይሏቸዋል። ገጠር ላይ ብዙ እናት የምትወልደው በእነሱ እጅ ነው። ቡድናችሁ መንደር ገብቶ ኮማድሮናዋን ሳያናግር ከወጣ የመንደሩን ዋና ባለሙያ ሳያገኝ ወጣ ማለት ነው።

እናት ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን ሁሉ ጽፌ ለአዘጋጆቹ ደወልኩ። ልጄ «እማ፣ አሳፈርሽኝ» ብላለች፤ ትፈር።

ማን ይከታተላል ላልኩት፣ እዚያው ቋሚ ክሊኒክ አለ አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ የምትሠራ ካክቺኬል ተናጋሪ ነርስ አለች፤ የሕሙማኑ ካርድም እሷ ጋ ይቀራል። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ራሷ ትቀጥላለች። ይሄ ደስ አለኝ። ስለ ፈቃድም ጠየቅኩ፤ የሐኪሞቹ ወረቀት አስቀድሞ ወደ ጓቲማላ ይላካል አሉ። ተማሪዎቹ ምን ይሠራሉ ስላቸው ግን «ኦ፣ ብዙ ነገር ይሞክራሉ» አሉኝ። «ይሞክራሉ» አልወደድኩትም። በጽሑፍ ላኩልኝ አልኩ፤ እስካሁን አልመጣም።

አባቷ ጋር ተነጋገርን። ጽሑፉ ከመጣ ትሄዳለች። ትኬቷን እኛ እንከፍላለን። ከቤተ ክርስቲያን የምታሰባስበው ግን ለነርሷ ክሊኒክ ይሆናል፣ ለጉዞ አይደለም። አባቷ አሁንም ፊቱ አልተፈታም፤ እሱ ቆይቶ ነው የሚፈታው።

ተጠራጣሪው

እንዲህ ከሆነማ ሃምሳ ዶላር ከኔ። ለክሊኒኩ ነው፣ ለትኬት አንድ ሳንቲም የለኝም።

ሰብለ ዲሲ

ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ፣ እንዳትክድ 😄

ነርስ ከዳላስ

እህቴ፣ ጽሑፉ ከመጣ እነዚህን ያዢልኝ። ለጠዋቱ ወፍራም ሹራብ። ሴቶቹ ጨዋ አለባበስ ነው ያላቸው፣ ቁምጣ ይቅር። ፎቶ ከማንሳቷ በፊት ሰውየውን ትጠይቅ፣ ልጅ ከሆነ እናቱን። ስፓኒሽ ከአሁኑ ትጀምር፤ ሰላምታና «የት ጋ ያምዎታል?» ብትችል እንኳ ወረፋው ይፈጥናል። የማያውን ሰላምታ ነርሷ ታስተምራታለች። ሰዎቹም በጣም ነው የሚደሰቱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከጓቲማላው በፊት አዲስ አበባ ደርሳ የምትመለስ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዷን ይዛ ትሂድ። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የመጣን ሰው ጓቲማላ ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ ናት። የኛ ቡድን ውስጥ አንዱ ልጅ በዚህ ተይዞ ኤርፖርት ላይ ብዙ ሰዓት ፈጀ።

እናት ከሜሪላንድ

ለገና አዲስ አበባ ነበረች! ካርዱ የት እንደገባ አሁኑኑ ልፈልግ።